ፈጣኑን ፖሊስ ማን ያስቆመዋል?

የትራፊክ ፖሊስ እጁን ሲዘረጋ ባለ መኪናው የሚቆመው የፖሊሱን ጉልበት ፈርቶ ብቻ አይደለም፤ ያ እጅ የሕግ እጅ መሆኑን ስለሚያምን ጭምር ነው። ነገር ግን ያው ፖሊስ ሌላውን የሚቀጣበትን የፍጥነት ወሰን ራሱ ጥሶ ቢያልፍ ምን ይባላል? አባቶቻችን «እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ግዛት ይህ ጥያቄ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር በግልጽ ተነሣ። አንዲት የአውራ ጎዳና ፖሊስ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ያህል የሚከንፍ መኪና አይታ ተከተለችውና ከብዙ ማሳደድ በኋላ አስቆመችው። መኪናው የማያሚ ከተማ የፖሊስ መኪና፥ ነጂውም የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ሆኖ ተገኘ። የሚሮጠውም ወንበዴ ለመያዝ ሳይሆን፥ ከመደበኛው ሥራ ውጭ ወደ ያዘው ሌላ ሥራ እንዳይዘገይ ነበር። እርስዋም እጁን በካቴና አስራ ያዘችው።

ይህች ሴት ምስጋና ይገባት ነበር፤ ያተረፈችው ግን የባልደረቦችዋን ቂም ነው። ከ80 የሚበልጡ ፖሊሶች ከመንግሥት መዝገብ የግል ማኅደርዋን ከ200 ጊዜ በላይ እየከፈቱ እንደ ተመለከቱ በኋላ ታወቀ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ።

«ሰን ሴንቲኔል» የተባለው የአካባቢው ጋዜጣ ደግሞ ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ እንደ ሆነ ለማወቅ ምርመራ ጀመረ። ዘዴው ቀላል ሒሳብ ነበር። በክፍያ መንገድ የሚሄድ መኪና በየክፍያ ጣቢያው ሲያልፍ ሰዓቱ ይመዘገባል። ጋዜጠኞቹም የጣቢያዎቹን ርቀት ለክተው በወሰደው ጊዜ አካፈሉት። 20 ኪሎ ሜትሩን በ6 ደቂቃ የፈጸመ ሰው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ነድቷል ማለት ነው፤ ሌላ ምስክር አያሻም።

ውጤቱ በ2012 ሲታተም፥ ከአንድ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ወደ 800 የሚጠጉ ፖሊሶች በሰዓት ከ145 እስከ 209 ኪሎ ሜትር ሲነዱ መገኘታቸው ተገለጸ፤ ብዙዎቹም ሥራ ላይ አልነበሩም። ከ2004 ጀምሮ በፖሊሶች ፍጥነት ምክንያት ቢያንስ 320 ግጭቶች ደርሰው፥ ሰዎች ሞተዋል ወይም አካላቸው ጐድሏል። ከአጥፊዎቹ መካከል እስር ቤት የገባው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ለ60 ቀን። ጋዜጣው ስለዚህ ሥራው በ2013 የፑሊትዘርን ሽልማት ተቀበለ።

ታዲያ ፖሊስ ሌባ እያመለጠው ቀስ ብሎ ይንዳ ማለታችን ነውን? አይደለም። በ1968 በቪየና የተደረገው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፥ ልዩ የማስጠንቀቂያ መሣሪያውን እያሰማ የሚሄድ የአስቸኳይ ሥራ መኪና፥ ሌላውን መንገደኛ አደጋ ላይ እስካልጣለ ድረስ፥ ከመንገድ ደንቦች ነጻ እንዲሆን ይፈቅዳል። አንድ ነገር ግን አልፈቀደለትም፤ ይኸውም ትራፊክ የሚያስተናግደውን ባለ ሥልጣን ትእዛዝ መተላለፍ ነው። እንግዲህ ነጻነቱ የተሰጠው ለአስቸኳዩ ጉዳይ እንጂ ለደንብ ልብሱ አይደለም። ጉዳዩ ሲያበቃ ነጻነቱም አብሮ ያበቃል።

መንገዱም ቢሆን ማዕረግ አይለይም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ያልፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ነጂው ፖሊስም ቢሆን፥ ተማሪም ቢሆን፥ ሒሳቡ ያው ነው።

ይህ ነገር ለፖሊስ ብቻ የሚነገር አይደለም። ሕዝቡን ወረፋ እያስጠበቀ ዘመዱን በጓሮ በር የሚያስገባ ጸሐፊም ከዚያ ፖሊስ አይለይም። ሥልጣን የተቀበለ ሰው ሁሉ፥ ትንሽም ትሁን ትልቅ፥ ሌላውን «ቁም» ከማለቱ በፊት ራሱ መቆም ይልመድ።