ኮሶዬን በአንድ ቀን መጎብኘት፦ አሠራሩና ለአካባቢው ነዋሪ የሚያስገኘው ጥቅም

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮሶዬ፣ የሰሜን ተራሮችን ለማየት በርካታ ቀናት መመደብ ለማይችል ጎብኚ የደጋውን መልክ በአንድ ቀን የምታሳይ ሥፍራ ናት። ጠዋት ከጎንደር ተነስቶ፣ በገደሉ አፋፍ በእግር ተጉዞ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ተመልክቶና በዚያው ምሳ በልቶ ከምሽት በፊት ወደ ከተማው መመለስ ይቻላል። በአነስተኛ ቡድንና በአስጎብኚ መሪነት የሚካሄደው ይህ ዓይነቱ ጉብኝት ብዙ መዋዕለ ንዋይ የማይጠይቅ የቱሪዝም ዘርፍ ነው። ይሁንና ለአካባቢው ነዋሪ የሚያስገኘው ጥቅም የሚወሰነው በመልክዓ ምድሩ ውበት ብቻ ሳይሆን ቀኑ በሚደራጅበት አሠራር ነው።

ጎንደርን የሚጎበኙ አብዛኞቹ እንግዶች አስቀድመው የሚያዩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ የተጀመረውን የፋሲል ግቢ ነው። ቅጥር ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም ሰፊ የእድሳት ሥራ ተካሂዶለታል። ከዚያ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደባርቅ ላይ ጽሕፈት ቤቱ የሚገኘው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ የዓለም ሥፍራዎች አንዱ ነው። ኮሶዬ የምትገኘው በእነዚህ ሁለት ታላላቅ ቅርሶች መካከል ነው። ወደ ፓርኩ የሚያመራው ጎብኚ በመኪና መስኮት አይቷት የሚያልፍ በመሆኑ፣ ለብዙ ዓመታት ከመተላለፊያነት ያለፈ ድርሻ ሳይኖራት ቆይታለች።

ሥፍራዋ ግን በታሪክም የማትታወቅ አይደለችም። የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ በ1957 ዓ.ም ኢትዮጵያን በጎበኙበት ወቅት ከደረሱባቸው ከተሞች አንዷ ጎንደር ስትሆን፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እንግዳቸውን ወደ ኮሶዬ ወስደው የገደሉን እይታ እንዳሳዩዋቸው በአካባቢው ይነገራል። ከአፋፉ ቁልቁል ሲመለከቱ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ወደ አርማጭሆ ቆላ ይወርዳል። ሰማዩ በጠራ ቀን ርቀው የሚታዩት አምባዎችና ሸንተረሮች የሰሜን ተራሮችን አቀማመጥ ለመረዳት ያግዛሉ። ስያሜዋ የሚያስታውሰው ኮሶም የደጋው ነባር ዛፍ ሲሆን፣ አበባው ለረጅም ዘመን የኮሶ ትል ማስወገጃ መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ጣሊያን አገሪቱን በወረረበት ዘመን ከተሠሩት አውራ መንገዶች አንዱ ነው። በ1934 ዓ.ም ኅዳር ወር ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን እስኪሰጥ ድረስ ይህ መስመር የጦር መተላለፊያ ነበር። ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርተ ዓመታት በጠጠርነት ያገለገለው መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ የጉዞው ጊዜ በእጅጉ በማጠሩ፣ ኮሶዬን በግማሽ ቀን ሳይቀር አይቶ መመለስ የሚቻል ሆኗል።

የመንገዱ ማጠር በራሱ ያስከተለው ችግርም አለ። ጎብኚው በቀላሉ ደርሶ በቀላሉ መመለስ ስለሚችል፣ አፋፉ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ አንስቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚሄድበት ሁኔታ ይፈጠራል። እንዲህ ያለው ጎብኚ ነዳጁን የሚቀዳው ጎንደር፣ ምሳውን የሚበላው ጎንደር፣ አስጎብኚውን የሚከፍለውም ጎንደር ነው። የኮሶዬ ነዋሪ ከጉብኝቱ የሚያገኘው በመንገድ ዳር ለሚሮጡ ልጆች በመስኮት የሚወረወር ሳንቲም ወይም ብስኩት ብቻ ይሆናል። ይህም ልጆችን ከትምህርት ገበታ የሚያርቅና ልመናን የሚያለማምድ በመሆኑ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

በአግባቡ የተደራጀ የአንድ ቀን ጉብኝት ግን የተለየ አካሄድ አለው። ቡድኑ ማለዳ 1 ሰዓት ገደማ ከጎንደር ይነሳል። ከከተማው ሲወጣ የመጀመሪያው ማረፊያ ወለቃ ሊሆን ይችላል። ወለቃ ነዋሪዎቿ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም በተካሄዱት የማጓጓዝ ዘመቻዎች ጭምር ወደ እስራኤል የሄዱ የቤተ እስራኤል መንደር ስትሆን፣ የሸክላ ሥራ ሙያዋ ዛሬም ከስሟ ጋር ይነሳል። ከዚያ መኪናው ዳገቱን ወጥቶ በገብስና በስንዴ፣ በባቄላና በድንች ማሳዎች መካከል አልፎ ኮሶዬ ይደርሳል። እዚያም የአካባቢው ተወላጅ የሆነ መንገድ መሪ ቡድኑን ተቀብሎ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት በሚወስድ የእግር ጉዞ በአፋፉ ዙሪያ ይመራል። ከጉዞው በኋላ ምሳና ቡና በዚያው ይቀርባል። የመመለሻው ሰዓት ከጨለማ በፊት እንዲሆን ተደርጎ ይወሰናል።

ማለዳ መነሳቱ ያለምክንያት አይደለም። ጭላዳ ዝንጀሮ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ከነብርና ከጅብ ለመሸሸግ በገደሉ ገጽ ላይ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ወደ አፋፉ ይወጣና ሣር መጋጥ ይጀምራል። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ብቻ የሚኖረው ይህ እንስሳ ዛሬ በሕይወት ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ዝርያዎች መካከል ዋና ምግቡ ሣር የሆነ ብቸኛው ነው። ቀኑን በአብዛኛው የሚያሳልፈው ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር እየነቀለ ሲሆን፣ በደረቱ ላይ የሚታየው ቀይ ቆዳ ከሌሎች ዝንጀሮዎች ይለየዋል። ሰውን ብዙም ስለማይሸሽ በቅርብ ሆኖ ለመመልከት ያመቻል። ዘግይቶ የሚደርስ ቡድን ግን መንጋው ከአፋፉ ርቆ ሊያጣው ይችላል።

የጉዳዩ ዋና ፍሬ ነገር የሚገኘውም እዚሁ ላይ ነው። ጎብኚው የሚደሰትበት ጭላዳ ለአርሶ አደሩ የሰብል ጠላት ነው። የግጦሽ መሬቱ እየታረሰ በጠበበ ቁጥር መንጋው ወደ ገብስ ማሳ ይገባል። ማሳ መጠበቅ ደግሞ በአብዛኛው የልጆች ሥራ በመሆኑ፣ የጭላዳው ጉዳት ከእህሉ አልፎ የትምህርት ሰዓትን ይነካል። እንስሳው በመኖሩ ገቢ የሚያገኘው አንዱ፣ ኪሳራውን የሚሸከመው ሌላው ከሆነ፣ አርሶ አደሩ ጭላዳውን እንዲጠብቅ መጠየቅ ፍትሐዊ አይሆንም። በመሆኑም የአንድ ቀን ጉብኝት ስኬት መለካት ያለበት በመጡት እንግዶች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ገብሱ የተበላበት አርሶ አደር ቤት በደረሰው ገንዘብም ጭምር ነው።

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ይህን የሚያግዝ አሠራር አለ። ጎብኚው ደባርቅ ላይ የመግቢያ ክፍያ ይፈጽማል፤ ከአካባቢው የተመለመለ ስካውት አብሮት ይጓዛል፤ አስጎብኚዎችና በቅሎ አከራዮችም በየተራ ሥራ ያገኛሉ። ኮሶዬ ከፓርኩ ክልል ውጪ በመሆኗ ግን ይህ ሥርዓት አይደርስባትም። በመሆኑም ክፍያው በጉብኝት ድርጅቱ፣ በአካባቢው መንገድ መሪዎችና በቀበሌው መካከል በሚደረግ ስምምነት ላይ የተመሠረተ ነው። ስምምነቱ ግልጽ በሆነበት ገንዘቡ ይደርሳል፤ ባልሆነበት ደግሞ በጎብኚው መልካም ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል።

የቡድኑ መጠንም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ለማስረዳት ያህል የመኪና፣ የነዳጅና የአስጎብኚ ወጪ በአንድ ላይ 16 ሺህ ብር ነው ቢባል፣ ሁለት ሰው ብቻ ሲጓዝ በነፍስ ወከፍ 8 ሺህ ብር ይደርሳል። አራት ሲሆኑ 4 ሺህ፣ ስምንት ሲሆኑ ደግሞ 2 ሺህ ብር ይሆናል። ስለዚህ ለጎብኚው ኪስ ብቻ ከታሰበ ቡድኑ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል። በሌላ በኩል የአካባቢው መንገድ መሪ የሚከፈለው በሰው ሳይሆን በቡድን ከሆነ፣ 16 ሰው በአንድ አውቶቡስ ሲመጣ ሥራ የሚያገኘው አንድ ሰው ነው። እነዚያው እንግዶች ስምንት ስምንት ሆነው ቢመጡ ሁለት ሰው ሥራ ያገኛል። በጠባቡ የአፋፍ መንገድ ላይ ስምንት ሰው የመሪውን ድምፅ ሳይጮኽ ይሰማል፤ ማሳ አይረግጥም፤ መንጋውንም አይበትንም። የአነስተኛ ቡድን ጠቀሜታ ከዚህ ስሌት የሚመነጭ ነው።

በዚህ ረገድ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ከሚገኙ ዝነኛ ሥፍራዎች የሚወሰድ ትምህርት አለ። ከፈረንሳዩዋ ኒስ ተነስቶ ሞናኮን፣ ወይም ከኔፕልስ ተነስቶ የአማልፊን ዳርቻ በሚኒባስ ጎብኝቶ በዕለቱ መመለስ ለበርካታ ዓመታት የተለመደ የገበያ ዘርፍ ነው። ይሁንና የዕለት ጎብኚው ብዛት ከመንገዱና ከነዋሪው አቅም በላይ በመሆኑ አስተዳደሮቹ ገደብ ለማበጀት ተገደዋል። በአማልፊ ጠባብ መንገድ ላይ ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ በበዓላትና በበጋ ወራት መኪኖች በሰሌዳ ቁጥራቸው ጎዶሎና ሙሉነት ተራ እንዲጓዙ ተደርጓል። በሌላው የጣሊያን ባሕር ዳርቻ የምትገኘው ቬኒስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በተመረጡ ቀናት ለዕለት ጎብኚዎች የ5 ዩሮ መግቢያ ክፍያ ማስከፈል ጀምራለች። በዚያው ዓመት በአስጎብኚ የሚመራ ቡድን ከ25 ሰው እንዳይበልጥና ድምፅ ማጉያ እንዳይጠቀም ደንግጋለች።

ለኮሶዬ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ቺንኰ ቴሬ ተብለው የሚጠሩት አምስት የጣሊያን መንደሮች ሁኔታ ነው። እነዚህ መንደሮች እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ከባሕሩ ዕይታ ባልተናነሰ ዋጋ የተሰጠው ገበሬዎች በገደሉ ላይ በድንጋይ ካብ ለሠሩት እርከን ነው። ወጣቱ እርሻውን ትቶ ሲሄድ እርከኑ ጠባቂ አጥቶ ይፈርሳል። በመሆኑም ዋና ዋና የእግር መንገዶችን የሚጠቀም ጎብኚ ካርድ ገዝቶ እንዲገባ ተደርጎ፣ ገቢው ለመንገዶቹ ጥገና ጭምር ይውላል። የወገራን የእርከን ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ የጉዳዩን ተመሳሳይነት ለመረዳት አይቸገርም። ኮሶዬ ዛሬ በጎብኚ ብዛት የተጨናነቀች ባትሆንም፣ ሥርዓቱን ማበጀት የሚቀለው ሕዝቡ ሳይበዛና ጥቅሙ በጥቂቶች እጅ ሳይገባ በፊት ነው።

እርግጥ ነው፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዘርፉ ከባድ ፈተና ገጥሞታል። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ፣ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተካሄደው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም ወዲህም በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት የጎብኚውን ፍሰት በእጅጉ ቀንሰውታል። ኑሯቸውን በአስጎብኚነት፣ በሹፍርናና በእንግዳ ማረፊያ ላይ የመሠረቱ ዜጎች ገቢያቸው ተቋርጧል። ስለሆነም ወደ ኮሶዬ የሚጓዝ ማንኛውም ቡድን ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ ከሚመለከታቸው የዞንና የከተማ አስተዳደር አካላት ማረጋገጥ፣ ሁኔታው አስተማማኝ ካልሆነም ጉዞውን ማዘግየት ይኖርበታል።

ሰላሙ ሲፈቅድ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉብኝት ቀዳሚ ደንበኛ ሊሆን የሚችለው የአገር ውስጥ ጎብኚ ነው። ለሥልጠናና ለስብሰባ ወደ ጎንደር የሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ፋሲል ግቢን አይቶ ይመለሳል። ስድስት ወይም ስምንት የሥራ ባልደረቦች በመርሐ ግብሩ መጨረሻ ያለውን ቅዳሜ ተጠቅመው ወጪውን ቢጋሩ ኮሶዬን በመጠነኛ ዋጋ ማየት ይችላሉ። ከክረምቱ ማብቂያ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ሰማዩ የሚጠራበት በመሆኑ ተመራጭ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ጉም አፋፉን ስለሚሸፍነው የረባ እይታ አይገኝም። በበጋም ቢሆን ጠዋቱ ብርድ ስለሆነ ወፍራም ልብስ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ ባርኔጣና ውኃ መያዝ ያስፈልጋል። ለጭላዳ ምግብ መስጠት እንስሳውን ወደ ማሳና ወደ ሰው ቤት ስለሚያለማምደው ሊወገድ ይገባል። የፕላስቲክ ጠርሙስና ሌላ ቆሻሻም ወደ ከተማ ይዞ መመለስ የጎብኚው ግዴታ ነው።

ቡድኑ ጉዞውን ሲዋዋል ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ መጠየቅ ይችላል። እነርሱም የጉብኝት ድርጅቱና አስጎብኚው ፈቃድ ያላቸው መሆኑ፣ ከተከፈለው ዋጋ ውስጥ ለአካባቢው መንገድ መሪ የሚሰጠው ድርሻ መጠን እና ምሳው የሚቀርብበት ቦታ ናቸው። መልሱ ምሳው ኮሶዬ፣ መንገድ መሪውም የኮሶዬ ልጅ መሆኑን ካረጋገጠ፣ የቀኑ ወጪ በከፊል በዚያው ይቀራል።

በየደረጃው የሚገኙ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችም ብዙ በጀት የማይጠይቁ እርምጃዎችን መውሰድ ይችላሉ። ለአካባቢው መንገድ መሪዎች ሥልጠናና መታወቂያ መስጠት፣ በቡድን የሚከፈለውን ዋጋ በግልጽ ለጥፎ ማሳወቅ፣ በአንድ መሪ ሥር የሚጓዘውን ሰው ቁጥር መወሰንና ከገቢው ለሰብል ጥበቃ የሚውል ድርሻ መመደብ ከእነዚህ መካከል ናቸው። የመጨረሻው በተለይ ትኩረት ይሻል። ጭላዳው ማሳው ውስጥ የገባበት አርሶ አደር ለጥበቃ የሚቀጥረው ሰው ደመወዝ ከጎብኚው ክፍያ ከተሸፈነ፣ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት መላክ ይችላል፤ እንስሳውም በአፋፉ ላይ የመኖር ዕድል ያገኛል።