ስለ ዓሣ ቀለብ

የአርባ ምንጭ ከተማ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ጎረቤት በመሆኗ የጋሞ አገር ሰው ከዓሣው ብዙ ጥቅም ሲያገኝ ኖሯል። ነገር ግን አጥማጁ እየበዛ፥ የመረቡም ዓይን እየጠበበ በመሄዱ የጫሞ ዓሣ እያነሰ መምጣቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ዓሣን በኩሬ ማርባት ለሐይቁ ዕረፍት፥ ለባላገሩም ሲሳይ ነው። ሆኖም ኩሬ ቈፍሮ ጫጩት ጨምሮ ቀለቡን መንሣት፥ በሬን ሳያበሉ እርሻን እንደ መመኘት ይቈጠራል።

ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በውሃው ውስጥ የሚበቅለውን ረቂቅ አረንጓዴ ነገር ስለሚበላ ኩሬውን በፍግ ማዳበር ይረዳዋል። ዓሣው ሲበዛና ሲያድግ ግን ይህ ብቻ አይበቃውም። ጫጩቱ ከመቶ 40 እጅ ያህል ፕሮቲን ያለበት ቀለብ ይሻል፤ ላደገው ከ25 እስከ 30 እጅ ይበቃዋል። አምባዛ ሥጋ በል ስለ ሆነ ከዚህ የሚበልጥ ይፈልጋል። ቪታሚን ሲ የጐደለው ዓሣ አከርካሪው ይጎብጣል። ካልሲየምን ከውሃው በስንጥቡ ለመሳብ ይችላል፤ ፎስፎርን ግን ከሚበላው ማግኘት አለበት።

የስንዴ ፉርሽካ ብቻውን ፕሮቲኑ ከመቶ 15 እጅ ያህል ስለ ሆነ አያሳድግም። የኑግ ፋጉሎ ይሻላል፤ ነገር ግን ላይሲን የተባለው ሥጋ ሠሪ ነገር ያንሰዋል። ይህን ጕድለት የሚሞላው የዓሣ ዱቄት ነው። ቆሮሶ ሲገፈፍ ንጹሕ ሥጋው የክብደቱ ሢሶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በሐይቁ ዳር የሚጣለው ጭንቅላትና አጥንት ተቀቅሎ፥ ደርቆና ተፈጭቶ ከፋጉሎውና ከፉርሽካው ጋር ቢደባለቅ፥ ዛሬ የሚሸተው ቍሻሻ ነገ ሀብት ይሆናል።

ልክን ማወቅም ያስፈልጋል። ላደገ ዓሣ በቀን ከክብደቱ ከመቶ ከ2 እስከ 3 እጅ ይበቃል። እያንዳንዳቸው 200 ግራም የሚመዝኑ 100 ዓሦች በድምሩ 20 ኪሎ ስለሚሆኑ የቀን ቀለባቸው ከ400 እስከ 600 ግራም ነው። ከዚህ ያለፈው በስብሶ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ስለሚጨርስ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል።

ቆሮሶ ደኅና አድርጎ የሚበላው የውሃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ከ20 በታች ሲወርድ ዕድገቱ ይዘገያል። ስለዚህ ለአርባ ምንጭ ቆላ የተመደበው ቀለብ ለጨንቻ ደጋ ቢሰጥ አብዛኛው በከንቱ ይጠፋል።

የቀለብ ዋጋ ከርባታው ወጪ እኩሌታውን ስለሚያልፍ፥ ቀለቡን ከአገሩ ተረፈ ምርት የሚያዘጋጅ ያተርፋል። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትና የግብርና ባለሙያዎች የድብልቁን ልክ ለባላገሩ በሚገባው ቋንቋ ቢያስተምሩት፥ ባላገሩም ዓሣውን እየመዘነ ቢቀልብ፥ ኩሬው ለቤተ ሰቡ ምግብ፥ ለጫሞም ዕረፍት ይሆናል።