ቃጫና አረፋ ኮንክሪት

አረፋ ኮንክሪት ጠጠር የለውም። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ውሃ ይቦካና ለብቻው የተመታ ጠንካራ አረፋ ይቀላቀልበታል፤ በቃ። መደበኛው ኮንክሪት በሜትር ኪዩብ 2400 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ ይሄኛው እንደ አረፋው ብዛት ከ400 እስከ 1800 ኪሎ ቢሆን ነው። ሙቀት እምብዛም አያሳልፍም፣ በመጋዝ ይቆረጣል። ችግሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ መኮማተሩን የሚገታ ጠጠር ስለሌለም ይሰነጠቃል።

መድኃኒቱ ቃጫ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሚጣል ነገር ይገኛል። ማሌዥያዎች የኮኮናት ልጣጭና የዘይት ዘንባባ ተረፈ ምርት ሞክረዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ቆጮ ሲፋቅ የሚተርፈው የእንሰት ቃጫ አለ። ቃጫ የሌለበት ቁራጭ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ብስኩት ከሁለት ይከፈላል። ቃጫ ያለበት ይሰነጠቃል እንጂ አይለያይም፤ ስንጥቁን ጠጋ ብሎ ላየው፣ ቀጫጭኑ ክር ከዳር እዳር ተወጥሮ ሁለቱን ጎን ይዟል።

ይህን ያሳየሁት አንድ ግንበኛ ወዳጄ ቁራጩን አገላብጦ አየና፣ «ወንድሜ፣ ሁለት ክረምት አይዘልቅም፤ ይበሰብሳል» አለኝ። ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የጭቃ ቤት ግድግዳ ከሥሩ ሲበሰብስ እያየን አድገናላ! ግን ሲሚንቶ ጭቃ አይደለም። በውስጡ ያለው ውሃ ፒኤቹ ከ12 በላይ ስለሆነ ሻጋታ አይኖርበትም። ቃጫውን የሚበላው ራሱ ሲሚንቶው ነው። ይህ ኃይለኛ አልካላይ የቃጫውን ክሮች አጣብቆ የያዘውን ሙጫ ቀስ በቀስ ያሟሟል፤ ከሲሚንቶው የሚወጣው ኖራም ወደ ክሩ ቀዳዳ ገብቶ ይረጋና ለስላሳውን ክር ተሰባሪ ያደርገዋል። ማስታገሻው ከአጠገባችን አለ፦ ፋብሪካዎቻችን ከስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር እየፈጩ የሚያቀርቡት ፒፒሲ ሲሚንቶ። ድንጋዩ ኖራውን ስለሚጠቀምበት ለቃጫው የሚተርፈው ያንሳል። ለዚህ ሥራ ኦፒሲ፣ ማለትም ይህ ድንጋይ ያልተቀላቀለበትን ሲሚንቶ፣ ፍለጋ የምትንከራተቱ፣ ምነው?

ሌላው ጥፋት የእጅ ነው። ለጭቃ ቤት ጭዱ ከጭቃው ጋር አብሮ መቦካት አለበት፤ እዚህ ግን ተቃራኒው ነው። ቃጫው ላይ የቀረ ስኳርና ስታርች ሲሚንቶው ቶሎ እንዳይጠነክር ስለሚያደርግ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይታጠብ። ደረቁንም አትጨምሩ፤ የድብልቁን ውሃ ይመጥና አረፋውን ያፈርሰዋል። ተነክሮ፣ ተንጠፍጥፎ፣ አጠር አጠር ተደርጎ ተቆርጦ፣ እየተበተነ ይግባ። በእፍኝ የሚወረውሩትን አይቻለሁ፤ ቃጫው ይድበለበልና በየመሃሉ ባዶ ቋጠሮ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ይዘት ግማሽ በመቶ አካባቢ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ድብልቁ መፍሰሱን ያቆማል።

ለክፍል መከፋፈያ ግድግዳና ለጣሪያ ሙቀት መከላከያ ያለ ስጋት እመክረዋለሁ። ለኮለንና ለቢም ግን አታስቡት፤ ቃጫ ስንጥቅ ይይዛል እንጂ የፌሮን ሥራ አይሠራም።