ጠመንጃ ሲባርቅ የሚጠየቀው ማን ነው?

አምቦና ጉደር አካባቢ ላደገ ሰው ጥይት ብርቁ አይደለም። የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ እዚያው ነው፤ ከከተማ ወጣ ሲሉም ክላሽ ያነገተ ሰው ያጋጥማል። «ጥይት ባርቆበት ሞተ» የሚለው ወሬም እንግዳ አይሆንም። ወሬው በመጣ ቁጥር ታዲያ የምንጠይቀው «ማን ነበር የያዘው?» ብለን ነው። መሣሪያውን ራሱን የሚጠይቅ የለም። እኔን ደግሞ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው፦ ቃታ ሳይሳብ ጥይት ይተኮሳል ወይ? አዎ፣ ይተኮሳል! እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሬሚንግተን የሚባለውን የአሜሪካ ፋብሪካ አያቶቻችን ያውቁታል። በ1868 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ጉንደትና ጉራ ላይ ድል የመታው የግብፅ ጦር የያዘው የእሱን ጠመንጃ ነበር፤ ብዙው ተማርኮ እኛው ዘንድ ቀርቷል። ጉድ የተሰማው ግን በኋላኛው ምርቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ገበያ ላይ በዋለው የአዳኞች ጠመንጃ፣ በሞዴል 700 ነው።

ጠመንጃ ሲቀባበል መምቻው በሞላ ተወጥሮ ይቆማል። እንዳይወረወር የሚይዘው አንድ ትንሽ ብረት ነው፤ ይህ መያዣ የሚያርፍበት ጠርዝ ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቃታ ሲሳብ ጠርዙ ከሥሩ ይሸሻል፣ መምቻው ይለቀቃል፣ የጥይቱን ቂጥ ይመታል። የሬሚንግተኑ መሐንዲስ ማይክ ዎከር ቃታው እንዲለሰልስ ብሎ በቃታውና በመያዣው መካከል አንዲት ስስ ብረት ጨመረ። ብረቷ ከቃታው ጋር አልተበየደችም፤ ጠመንጃው በተኮሰ ቁጥር ፈንጠር ብላ ትመለሳለች። እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። በዚያች ክፍተት ቆሻሻ ወይም የደረቀ ዘይት ከገባ ብረቷ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታዋ አትመለስም። ሴፍቲው ሲቆለፍ መያዣውን ከፍ አድርጎ ስለሚደግፈው ችግሩ አይታይም። ሴፍቲው ሲከፈት ግን መያዣው ከሥሩ የሚቀበለው ያጣል፤ ጣት ቃታው ጋ ሳይደርስ ጠመንጃው ይተኩሳል።

ዎከር ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም። ሞዴል 700 ገና ሳይወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ ቃታውን የሚቆልፍ ማሻሻያ ለኩባንያው አቅርቦ ነበር፤ በአንድ ጠመንጃ የሚጨምረው ወጪ 5.5 ሳንቲም፣ ያውም የአሜሪካ ሳንቲም። ሥራ ላይ አልዋለም።

እ.ኤ.አ. በ2000 ሞንታና ውስጥ ከአደን የተመለሰች እናት ጥይቱን ልታወጣ ፈለገች። እስከ እ.ኤ.አ. 1982 በተሠሩት የሞዴል 700 ጠመንጃዎች ሴፍቲው ካልተከፈተ ማቀባበያው አይነቃነቅም፤ ጥይት ለማውጣት የግድ መከፈት አለበት። ከፈተችው፣ ጠመንጃው ተኮሰ። ጥይቱ የፈረስ መጫኛ ተጎታቹን በስቶ ከወዲያ በኩል የነበረውን የ9 ዓመት ልጇን ገደለው። አባትየው የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች እያሰባሰበ ዓመታት ተሟገተ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ሲኤንቢሲ የተባለው ቴሌቪዥን ጉዳዩን በምርመራ ዘገባ አወጣው፤ ሰነዶቹንም፣ ዎከርን ራሱንም ይዞ ቀረበ።

ኩባንያው ዘገባውን አጥብቆ ተቃወመ፤ ጠመንጃው እንከን የለበትም፣ ጥፋቱ በደንብ ያልያዘው፣ ያላጸዳው ወይም ቃታውን የነካካው ሰው ነው አለ። አፈሙዝ ወደ ሰው መዞር እንደሌለበት እኔም አምናለሁ፤ አፈሙዙ ወደ ባዶ ሜዳ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ አይሞትም ነበር። ነገር ግን የባለቤቱ ጥንቃቄ የፋብሪካውን ዕዳ አይከፍልም። አደን ላይ ያለ ጠመንጃ አቧራና ጭቃ እንደሚነካው እየታወቀ አቧራ የማይችል ቃታ መሸጥ ጥፋት ነው፤ ጋዜጠኞቹም ይህን በማውጣታቸው ደግ ሠሩ። በኋላ ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ ጠመንጃዎችን የሚመለከት የፍርድ ቤት ስምምነት ገብቶ ቃታ በነፃ ልቀይር አለ። ቀይሩልን ያሉት ባለቤቶች ከመቶ አንድ እጅ አልሞሉም።

አሁን ወደ እኛው ክላሽ ልምጣ። የክላሽ ቃታ ሌላ ዓይነት ነው፤ ያቺ ስስ ብረት የለችበትም። ግን አንድ ነገር ከድሮው ሞዴል 700 ጋር ያመሳስለዋል፦ የቀኙ ዘንግ ወደ ላይ ተቆልፎ ማቀባበያው እስከ መጨረሻው አይሳብም። ስለዚህ የጎረሰውን ጥይት የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ ሴፍቲውን ይከፍታል። ዘንጉ ወደ ታች ሲወርድ በመጀመሪያ የሚያገኘው ደግሞ ተከታታይ ተኩስን ነው፤ ነጠላው ከእሱ በታች ነው። በዚያች ቅጽበት ጣት ቃታው ላይ ካለ የሚወጣው አንድ ጥይት ብቻ ላይሆን ይችላል።

ቅደም ተከተሉም ነፍስ ያጠፋል። ማቀባበያውን ስቦ፣ ጥይቷ ስትወድቅ አይቶ፣ ካዝናውን ከዚያ በኋላ የሚነቅል ሰው ባዶ ያደረገው ይመስለዋል። ማቀባበያው ሲመለስ ግን ከካዝናው ሌላ ጥይት አጉርሷል። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዞር፣ ጣት ከቃታው ይራቅ፤ ካዝናው ይቀድማል፣ ማቀባበያው ይከተላል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጥይቱን ጎሬ በዓይን ማየት ነው።