የስፖርት ሰዓትንና የሩጫ መኪናን በብሉቱዝ ስለ ማገናኘት

አብደራፊ በምዕራብ አርማጭሆ፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ የምትገኝ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ስለማይሞላ ሙቀቷ ብርቱ ነው፤ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዚያ ያደገ ሰው ሩጫ የወደደ እንደ ሆነ የሚሮጠው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ በቀትር ሲሮጥ የታየ ሰው ግን «ማን አሳደደው?» መባሉ አይቀርም።

እኛም ከዚያ ቆላ ለትምህርት ወደ ጎንደር በመጣን ጊዜ ከአንድ ጓደኛችን ጋራ በአንድ ጂም ውስጥ፣ ትሬድሚል በሚባለው የሩጫ መኪና ላይ መሮጥ ጀመርን። ጓደኛችን የስፖርት ሰዓት ነበረው፤ ሰዓቱ ከመኪናው ጋራ በብሉቱዝ ይገናኛል ቢሉን አገናኘነው። ጥቂት ቆይቶ ጓደኛችን መኪናውን አቁሞ የጫማውን ክር ለማሰር ጐንበስ እንዳለ ሰዓቱን ቢመለከት፣ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር እየሮጠ መሆኑን ይነግረዋል! ነገሩን ስንመረምር ሰዓቱ የተገናኘው ከእኛ መኪና ጋራ ሳይሆን አጠገባችን ሌላ ሰው ከሚሮጥበት መኪና ጋራ ኖሯል። በጊዜው ሣቅንና አለፍነው፤ ኋላ ግን «ሰዓቱ ላይ የሚታየው ቁጥር ከወዴት የመጣ ነው?» የሚል ጥያቄ አደረብን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጥያቄ መመለስና፣ ግንኙነቱ በተለይ ለሞቃት አገር ሰው ያለውን ጥቅም ማስረዳት ነው።

1. መኪናው የሚያውቀውና ሰዓቱ የሚያውቀው

ሜዳ ላይ በሚሮጡበት ጊዜ የስፖርት ሰዓት ፍጥነትን የሚያውቀው ጂፒኤስ ከሚባሉት ሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት ነው። በቤት ውስጥ ግን ምልክቱ በጣሪያና በግድግዳ ይደክማል፤ ደግሞም ሯጩ ከቦታው ስለማይርቅ ምልክቱ በደኅና ቢደርስ እንኳ የሚናገረው «ቆመሃል» ብሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ የእጅን መወዛወዝ በሚለካ ሴንሰር እርምጃን ይቆጥርና፣ የእርምጃውን ርዝመት በግምት ወስዶ ያባዛል። ለምሳሌ በደቂቃ 160 እርምጃ ቢቆጥርና እያንዳንዱን 0.90 ሜትር ነው ብሎ ቢገምት፣ በደቂቃ 144 ሜትር፣ በሰዓትም 8.64 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መኪናው የሚሄደው በ8 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሆነ ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰዓቱ 320 ሜትር ያህል ጨምሮ ይቆጥራል ማለት ነው።

መኪናው የሯጩን እርምጃ መገመት አያሻውም። የመሮጫው ቀበቶ ርዝመት የታወቀ ስለ ሆነ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ መቁጠር ብቻ ይበቃዋል። የ3 ሜትር ቀበቶ በደቂቃ 44 ጊዜ ቢዞር 132 ሜትር ተሄደ ማለት ነው። እርግጥ ነው፤ ያረጀና በደንብ ያልተጠበቀ መኪናም ሊሳሳት ይችላል፤ ቢሆንም የሚለካው ራሱ የሚያንቀሳቅሰውን ነገር ነው።

ስለ ሯጩ ልብ ግን መኪናው የሚያውቀው ጥቂት ነው። እጀታው ላይ ያለውን ብረት ለጨበጠ ሰው የልቡን ትርታ ይነግራል፤ ሆኖም ብረት ጨብጦ መሮጥ አይመችም። ሰዓቱ በበኩሉ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ እየላከ፣ ደም በሥር ውስጥ በሚመላለስበት መጠን ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ሲጨምርና ሲቀንስ በማየት የልብን ትርታ ይቆጥራል።

እንግዲህ መኪናው የተሠራውን ሥራ ያውቃል፤ ሰዓቱ ደግሞ ሥራው ከሰውነት ያስከፈለውን ዋጋ ያውቃል። የማገናኘቱ ቁም ነገር ሥራውንና ዋጋውን በአንድ ገጽ ላይ ጐን ለጐን ማየት ነው።

2. ሁለቱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ

ብሉቱዝ የሚለው ስም በ10ኛው መቶ ዓመት ከነበረው የዴንማርክ ንጉሥ ከሐራልድ ቅጽል የተወሰደ ነው፤ ትርጓሜውም «ሰማያዊ ጥርስ» ማለት ነው። ንጉሡ የተከፋፈለ ሕዝብ አንድ እንዳደረገ ሁሉ፣ ይህ የሬዲዮ ዘዴ የተለያዩ ኩባንያዎችን ዕቃ እንዲያስማማ ታስቦ ስሙ ተሰጠው። ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ ኢንቴል፣ አይ ቢ ኤምና ቶሺባ የብሉቱዝን ማኅበር ያቋቋሙት በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ኀይል ቈጣቢ የሆነው ብሉቱዝ ስለ ወጣ፣ ትንሽ ባትሪ ያላቸው ሰዓቶችና የደረት ቀበቶዎች ብዙ ጊዜ ሳይሞሉ ለመነጋገር ቻሉ።

ይህ ኀይል ቈጣቢ ዘዴ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ 40 መስመሮች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ 3ቱ በተለይ ለማስታወቂያ የተመደቡ ናቸው። መኪናው በእነዚህ በ3ቱ ላይ፣ ገበያ መካከል ቆሞ እንደሚለፍፍ አዋጅ ነጋሪ፣ «እኔ የሩጫ መኪና ነኝ፤ ስሜም እንዲህ ነው» እያለ በየጊዜው ያሰማል። ሰዓቱ ልፈፋውን ሰምቶ ከመረጠው በኋላ ሁለቱ ወደ ቀሩት 37 መስመሮች ተሻግረው፣ ከመስመር ወደ መስመር እየዘለሉ ይነጋገራሉ። መዝለላቸውም የሌሎች ዕቃዎች ሬዲዮ እንዳያውካቸው ነው።

ነገር ግን መሰማማት ብቻውን መግባባት አይደለም። ቀድሞ እያንዳንዱ የመኪና ሠሪ ፍጥነቱን በራሱ አጻጻፍ ይልክ ስለ ነበረ የሌላው ሰዓት ሊያነበው አይችልም ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የብሉቱዝ ማኅበር ለስፖርት መኪናዎች አንድ የጋራ ሥርዓት አወጣ፤ መለያ ቁጥሩም 1826 ነው። በዚህ ሥርዓት የሩጫ መኪና ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር መቶኛ ይናገራል፤ 900 ብሎ የላከ እንደ ሆነ በሰዓት 9.00 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ተቀምጠው ለሚነዱት ብስክሌትና ለመቅዘፊያውም እንዲሁ የየራሳቸው አጻጻፍ ተወስኖላቸዋል።

3. ስለ አገናኙ ሥርዓት

ግንኙነቱ ሁለት አቅጣጫ እንዳለው መለየት ይገባል። በመጀመሪያው መኪናው ፍጥነቱን ይልካል፤ ሰዓቱ ይቀበላል። በሁለተኛው ሰዓቱ የልብ ትርታን ያሠራጫል፤ መኪናው ተቀብሎ በራሱ መስኮት ላይ ያሳያል። ብዙ ሰዓቶች ሁለተኛውን ብቻ የሚያውቁ ስለ ሆኑ፣ ከመግዛት በፊት የትኛውን እንደሚችሉ መጠየቅ መልካም ነው። አፕል በ2017 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ጂምኪት የተባለው ዘዴ ሁለቱንም አቅጣጫ ባንድ ጊዜ ያከናውናል፤ የሚሠራው ግን ለዚህ ከተዘጋጁ መኪናዎች ጋራ ብቻ ነው።

ከደረሰብን ነገር የተማርነውን በአጭሩ እንጻፍ። አንደኛ፤ መኪናውን መፈለግ የሚገባው በሰዓቱ ውስጥ የሴንሰር ዝርዝር በሚገኝበት ቦታ ነው እንጂ በስልክ የብሉቱዝ ገጽ አይደለም። ሁለተኛ፤ ብዙ መኪናዎች ባንድ ጊዜ የሚያነጋግሩት አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ከዚህ በፊት የሮጠው ሰው ስልክ እንደ ተገናኘ ከቀረ የእኛ ሰዓት መኪናውን ፈልጎ አያገኘውም። ሦስተኛ፤ ባንድ ቤት ውስጥ ያሉ መኪናዎች ስማቸው ተመሳሳይ ሆኖ የሚለያዩት በመጨረሻ ቁጥራቸው ስለ ሆነ፣ ቁጥሩን ማስተያየት ያስፈልጋል። አራተኛ፤ ከተገናኙ በኋላ የመኪናውን ፍጥነት ጥቂት ጨምሮ ሰዓቱ መከተሉን ማየት ይገባል። ጓደኛችን ይህን አድርጎ ቢሆን ኖሮ የጎረቤቱን ሩጫ የራሱ አድርጎ ባልቆጠረ ነበር።

የሰዓቱን የልብ ትርታ በሚመለከትም ጥንቃቄ ያሻል። ማሰሪያው የላላ እንደ ሆነ ሰዓቱ የእርምጃውን ምት የልብ ምት ነው ብሎ ሊያነብ ይችላል። የልብን ኤሌክትሪክ የሚያዳምጠው የደረት ቀበቶ ከዚህ ስሕተት የራቀ ነው።

4. ለሞቃት አገር ያለው ጥቅም

ሁለት ሰዎች በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ሮጡ እንበል፤ አንዱ በቀዝቃዛ ጧት፣ ሁለተኛው ነፋስ በማይገባበት ሞቃት ክፍል። የመኪናው ቁጥር ለሁለቱም አንድ ነው። ነገር ግን በሙቀት ውስጥ ልብ ሁለት ሥራ አለባት፤ ደምን ወደ እግር ጡንቻ መላክና፣ ሙቀቱ እንዲወጣ ደምን ወደ ቆዳ መላክ። ላብ በብዛት ሲወጣ ደግሞ የደሙ ውሃ ይቀንሳል። ስለዚህ ፍጥነቱ ሳይለወጥ የልብ ትርታ ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሄዳል፤ በ10ኛው ደቂቃ 140 የነበረው በ40ኛው ደቂቃ 155 ቢሆን አያስገርምም። በቤት ውስጥ ነገሩ ይብሳል፤ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ሰው በራሱ ሩጫ ነፋስ ሲፈጥር፣ በመኪና ላይ የሚሮጥ ሰው ግን በቆመ አየር ውስጥ ስለ ሆነ ላቡ በደንብ አይተንም።

ፍጥነቱን ብቻ የሚያይ ሰው «ትናንት የቻልኩትን ዛሬ እንዴት አቃተኝ?» ብሎ ራሱን ያስጨንቃል፤ ሙቀት መትቶት እስኪወድቅ ድረስም ሊቀጥል ይችላል። ፍጥነትንና ትርታን ጐን ለጐን የሚያይ ሰው ግን ዋጋው መወደዱን አስቀድሞ ይረዳል፤ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ከቆላ ወደ ጎንደር ለመጣ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ሳስቶ ለተመሳሳይ ፍጥነት ልቡ አብዝታ ትመታለች። እኛም በመጀመሪያው ወር ስንፍና የመሰለን ነገር ከፍታ ነበር።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ገለጽነው የሰዓትና የመኪና መገናኘት የጌጥ ነገር አይደለም። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ቁጥሩ የማን እንደ ሆነ የታወቀ እንደ ሆነ ነው። ፍጥነቱን ከመኪናው፣ ትርታውን ከራስ አካል መውሰድና፣ ሁለቱ ሲለያዩ ልብን ማመን ይገባል። የማዞር፣ የማቅለሽለሽ ወይም የብርድ ብርድ ማለት ስሜት በሙቀት ውስጥ የመጣ እንደ ሆነ ግን ማናቸውንም ቁጥር ሳይጠብቁ ወርዶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ በጥላ ማረፍ ነው። በቀትር የሚሮጠውን ሰው «ማን አሳደደው?» የሚሉት የአብደራፊ ሽማግሌዎች ይህን ያለ ሰዓት ያውቁታል።