ዊኪፔዲያ የራሳችሁን ግኝት ለምን አይቀበልም?

አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ሮዝ በ2012 ያልጠበቀው ነገር ገጠመው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። «ዘ ሂዩማን ስቴይን» ስለተባለው ልብ ወለዱ የሚያወራው የዊኪፔዲያ ገጽ፣ የዋናው ገጸ ባሕርይ መነሻ የአንድ የታወቀ ሐያሲ ሕይወት እንደሆነ የሚጠቁም ነገር ጽፏል። ሮዝ ግን ታሪኩ የተነሣው በአንድ ፕሮፌሰር ጓደኛው ላይ ከደረሰ ነገር እንደሆነ ያውቃል። መጽሐፉን የጻፈው እሱ ነው፤ ከእሱ በላይ ማን ሊያውቅ? በወኪሉ በኩል እንዲታረም አስጠየቀ። መልሱ ባጭሩ እንዲህ ነበር፦ ደራሲ ስለ ሥራው ከማንም በላይ እንደሚያውቅ እንረዳለን፤ ቢሆንም ሌላ ምንጭ ያስፈልገናል።

ሮዝ ምን አደረገ? ነገሩን በረጅም ግልጽ ደብዳቤ ዘርዝሮ «ዘ ኒው ዮርከር» በተባለው መጽሔት ድረ ገጽ ላይ አወጣው። አሁን የታተመ ምንጭ ተገኘ። የዊኪፔዲያው ገጽም ደብዳቤውን ጠቅሶ የእሱን ማብራሪያ አስገባ።

«ሰውዬው ራሱ ተናግሮ የለ እንዴ! ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ላይ ላዩን ሲታይ ግትርነት ይመስላል። ግን ከደንቡ ጀርባ ያለውን ምክንያት ስታውቁ ነገሩ መልክ እየያዘ ይመጣል።

ደንቡ ምን ይላል?

ዊኪፔዲያ ይዘትን የሚመለከቱ ሦስት ዋና ደንቦች አሉት። አንደኛ፣ ጽሑፉ ሚዛናዊ ይሁን። ሁለተኛ፣ የተጻፈው ነገር ከታመነ ምንጭ ሊረጋገጥ የሚችል ይሁን። ሦስተኛ፣ ጸሐፊው ሌላ ቦታ ያልወጣ የራሱን ጥናት አያስገባ። ስለዚህ እናንተ የለካችሁት የወንዝ ጥልቀት፣ ያደረጋችሁት ቃለ መጠይቅ፣ ያፈለቃችሁት ንድፈ ሐሳብ፣ ትክክል ቢሆንም እንኳ ይሰረዛል።

ብዙዎችን የሚያደናግረው ግን ሌላ ነው። ሁለት ትክክለኛ ምንጮችን አጋጥሞ ሦስተኛ መደምደሚያ ማውጣትም ክልክል ነው። እንበል አንድ ጋዜጣ «በከተማችን የቡና መሸጫዎች በዝተዋል» ብሎ ጻፈ። ሌላው ደግሞ «በከተማችን እንቅልፍ ያጡ ሰዎች በዝተዋል» አለ። እናንተ ሁለቱን ጠቅሳችሁ «ቡናው የከተማውን ሕዝብ እንቅልፍ ነሣው» ብትሉ፣ ያንን ያለ ጋዜጣ የለም። መደምደሚያው የእናንተ ነው። ምናልባት እንቅልፍ የነሣቸው የኑሮ ውድነት ቢሆንስ?

ይህ ማለት ጭንቅላታችሁን አትጠቀሙ ማለት አይደለም። ምንጮችን አንብቦ በራስ ቃል ማሳጠር ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ዋናው ሥራ እሱ ነው። ቀላል ሒሳብም ይፈቀዳል። አበበ ቢቂላ በኦገስት 1932 ተወልዶ በሴፕቴምበር 1960 ሮም ላይ ማራቶን ካሸነፈ፣ «ያኔ ዕድሜው 28 ነበር» ብላችሁ ብትጽፉ የሚቃወማችሁ የለም። ማንም ሰው ቀንሶ ያገኘዋላ።

የማያውቁትን ሰው እንዴት ይመኑ?

በ1926 አልበርት አይንስታይን ለኢንሳይክሎፔዲያ ብሪታኒካ ስለ ቦታና ጊዜ ጽፏል፤ ያውም የራሱን የሥራ መስክ። ለምን ተፈቀደለት? አዘጋጆቹ ማን እንደሆነ ያውቃሉ። የጻፈው ነገር በባለሙያዎች ዓለም ቀድሞ ታትሞ ብዙ ክርክር አልፏል። ስሙም ከጽሑፉ ጋር ስላለ፣ ቢሳሳት የሚጠየቅ ሰው አለ።

ዊኪፔዲያ ግን ማንም፣ ስሙን እንኳ ሳይናገር፣ ገብቶ የሚጽፍበት ነው። ከእሱ በፊት እነዚሁ ሰዎች በ2000 ኑፔዲያ የሚባል ሌላ ኢንሳይክሎፔዲያ ጀምረው ነበር። እያንዳንዱን ጽሑፍ ባለሙያ እየገመገመ ነው የሚያወጣው። በመጀመሪያው ዓመት ያለቁት ጽሑፎች ሃያ ገደማ ብቻ ነበሩ! በ2001 ዊኪፔዲያ በሩን ለሁሉም ሲከፍት ሥራው ገሰገሰ። በሩ ሲከፈት ግን አንድ ጥያቄ አብሮ ገባ፦ የሚጽፈው ማን ነው?

«እኔ ፕሮፌሰር ነኝ» ማለት መልስ አይሆንም። በዊኪፔዲያ ውስጥ ትልቅ ኃላፊነት የተሰጠው አንድ አርታዒ የነገረ መለኮት ፕሮፌሰር ነኝ ይል ነበር። በ2007 እውነቱ ሲወጣ ግን ፕሮፌሰር አልነበረም፤ የ24 ዓመት ወጣት ነው። ስለዚህ ዊኪፔዲያ የጸሐፊውን ማንነት ትቶ ምንጩን ይጠይቃል። ይህ ለእናንተም ይጠቅማል። የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪና የስድሳ ዓመት ሊቅ እኩል የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው፦ ሁለቱም «ከየት አመጣኸው?» ይባላሉ።

መመርመር ቀላል ሥራ አይደለም

ደንቡ በ2003 አካባቢ ቅርጽ መያዝ ሲጀምር፣ አንዱ መነሻ ማንም ያልመረመረላቸውን የፊዚክስ «ግኝቶች» ይዘው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። «አይንስታይን ተሳስቷል፣ ማስረጃው ይኸው» የሚል ሰው ሲመጣ ማን ይፈትሸው? በጎ ፈቃደኞቹ አንዱ መምህር፣ አንዱ ሾፌር፣ አንዱ ተማሪ ነው።

ባለሙያዎች እንኳ ምን ያህል እንደሚደክሙ እዩ። በጁን 1993 የሒሳብ ሊቁ አንድሩ ዋይልስ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ያልተፈታውን የፌርማን ጥያቄ ፈታሁ ብሎ አስታወቀ። ዓለም አጨበጨበ። ማስረጃውን መስመር በመስመር የሚፈትሹት ባለሙያዎች ግን አንድ ከባድ ክፍተት አገኙበት። ዋይልስ ክፍተቱን ለመድፈን እስከ ሴፕቴምበር 1994 ለፋ፤ ሥራው የታተመው በ1995 ነው። ይህን የመሰለ ፍተሻ በትርፍ ጊዜው ገጽ የሚያርም ሰው ሊያደርገው አይችልም።

ስሕተት ምንጭ ሲወልድ

በ2008 አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ለቀልድ ያህል በዊኪፔዲያ ላይ አንዲት ሐረግ ጨመረ። ኮዋቲ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ እንስሳ «የብራዚል አርድቫርክ» ተብሎም ይጠራል አለ። ከራሱ የፈጠረው ስም ነው። ማንም ልብ ሳይለው ቆየ። ከዚያ ጋዜጦች ስሙን ከዊኪፔዲያ ቀድተው ጻፉት፤ መጽሐፍ ውስጥም ገባ። ቆይቶ የጋዜጣ ጽሑፍ ለዊኪፔዲያው ገጽ ምንጭ ሆኖ ተጠቀሰ! ውሸቱ ዞሮ መጥቶ ለራሱ ምስክር ቆመ። ታሪኩ በይፋ የተነገረው በ2014 ነው። ምንጭ የሌላትን አንዲት ሐረግ ማሳለፍ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ደንቡ የሚያስከፍለው ዋጋ

ይህ ሁሉ ሲባል ደንቡ እንከን የለውም ማለት አይደለም። በሜይ 1886 ቺካጎ ውስጥ፣ ሄይማርኬት በተባለ ቦታ፣ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ቦምብ ፈነዳ። ስምንት ሰዎች ተከሰሱ፤ አራቱ ተሰቀሉ። የዊኪፔዲያው ገጽ ዐቃቤ ሕጉ ተከሳሾቹን ከቦምቡ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ አላቀረበም ይል ነበር። ቲሞቲ ሜሰር ክሩዝ የተባለ የታሪክ ምሁር ግን የፍርድ ቤቱን መዝገብ ለዓመታት አገላብጧል፤ 118 ምስክሮች ቀርበው እንደነበር ያውቃል። ገጹን ሲያርም ወዲያው መለሱበት። መዝገብ ማንበብና መተርጎም የራስ ጥናት ነው ተባለ። በ2011 የራሱን መጽሐፍ አሳትሞ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ብዙዎቹ መጻሕፍት የሚሉት ሌላ ነው ተባለ። በ2012 ታሪኩን በይፋ ሲጽፈው ብዙ ሰው አነጋገረ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ዊኪፔዲያ ከዕውቀት ጫፍ ሁልጊዜ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ እንደሚሄድ ነው። አዲስ እውነት እስኪታተምና ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ በር ላይ ይጠብቃል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ዋጋ አለ። የአንድ ወንዝ ስም ከየት እንደመጣ፣ አንድ ጨዋታ እንዴት እንደሚጫወቱት፣ የትኛው ቅጠል ለምን በሽታ ይሰጥ እንደነበር የሚያውቁት ብዙ ጊዜ አዛውንቶች ናቸው፤ መጽሐፍ የለም። ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የተደረገ ሙከራ የሰዎችን ቃል በድምፅ ቀርጾ እንደ ምንጭ ለመጠቀም ሞክሯል፤ ከጸሐፊዎቹ ተቃውሞ አልጠፋም። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ወደ 7 ሚሊዮን ጽሑፎች ሲኖሩት የአማርኛው በ15 ሺህ አካባቢ ነው። ልዩነቱ ብዙ ምክንያት አለው፤ የሚጠቀስ ምንጭ ማነሱ አንዱ ነው።

ታዲያ ግኝታችሁን የት ትውሰዱት?

መጀመሪያ መመርመር ወደሚችሉ ሰዎች። ድንቅነሽ ሐዳር ላይ የተገኘችው በ1974 ነው። የዝርያዋ ሳይንሳዊ ስም በጥናት ጽሑፍ ይፋ የሆነው ግን ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1978 ነው። በመሀሉ ልኬት፣ ንጽጽርና ክርክር ነበር። ኢንሳይክሎፔዲያ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።

የእናንተም መንገድ ይኸው ነው። የለካችሁትን ለሳይንስ መምህራችሁ ወይም በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ አሳዩ። አያታችሁ የነገሯችሁን ስትመዘግቡ ማን፣ የት፣ መቼ እንደተናገረ ጻፉ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁም ድምፃቸውን ቅረጹ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1963 ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን የመሳሰሉ ቦታዎች ያሉት እንዲህ ያለው ዕውቀት እንዲጠና ነው። አንድ ተመራማሪ መዝገባችሁን ተጠቅሞ ጥናት ካሳተመ፣ ያኔ ዊኪፔዲያ በሩን ይከፍታል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ?

እስከዚያው ድረስ ዛሬውኑ ልትጀምሩት የምትችሉት ሥራ አለ። ስለ ከተማችሁ ወይም ስለ ትምህርት ቤታችሁ የተጻፈ የዊኪፔዲያ ገጽ ፈልጉ። ምንጭ ያልተጠቀሰበት ዓረፍተ ነገር ስታገኙ ቤተ መጻሕፍት ግቡና መጽሐፉን ፈልጋችሁ ከነገጹ ቁጥር አስገቡት። ካልተገኘም፣ ገና ማንም ያልጻፈውን አንድ ነገር ለይታችኋል ማለት ነው።