የኩል ድንጋይና የክሪስታሉ ቅርጽ

መተማ የጎንደርና የሱዳን ነጋዴዎች ከጥንት ጀምሮ የሚገናኙባት ገበያ መሆንዋ የታወቀ ነው። በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚመረተው ሰሊጥና ጥጥ በብዙ ኩንታል ይመዘናል፤ ከእነዚህ ትላልቅ ሸቀጦች ጎን ግን ክብደቱ ጥቂት፥ ኃላፊነቱ ከባድ የሆነ አንድ ዕቃ አለ። እርሱም ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ሴቶች የሚዋቡበት ኩል ነው።

ኩል እየተባለ የሚሸጠው አንጸባራቂ ድንጋይ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንደኛው ጋሌና የሚባለው የእርሳስና የድኝ ውሁድ ሲሆን፥ ከክብደቱ ከመቶ 86 እጅ በላይ እርሳስ ነው። ሁለተኛው ስቲብናይት የሚባለው የአንቲሞንና የድኝ ውሁድ ነው። ሁለቱም መልካቸው ግራጫ ስለ ሆነና እንደ ብረት ስለሚያበሩ፥ ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው አንድ ይመስላሉ።

ልዩነታቸውን የሚገልጠው የክሪስታላቸው ቅርጽ ነው። ክሪስታል ማለት አተሞቹ በተወሰነ ሥርዓት ተሰልፈው የቆሙበት ጠጣር አካል ነው። ጋሌና በመዶሻ ሲመታ ማዕዘናቸው ቀጥ ያለ፥ ትናንሽ ሳጥን የሚመስሉ ስብርባሪዎች ይሆናል። የገበታ ጨው ቅንጣት በአጉሊ መነጽር ቢታይ እንዲሁ ሳጥን መስሎ ይገኛል፤ የሁለቱም አተሞች አሰላለፍ አንድ ዓይነት ነውና። ስቲብናይት ግን እንደ መርፌ ወይም እንደ ስለት የረዘመ ነው፤ በቁመቱም መስመሮች ይታዩበታል። ክብደታቸውም ይለያያል፤ ጋሌና መጠኑ እኩል ከሆነ ውኃ 7 እጥፍ ተኩል ያህል ሲከብድ፥ ስቲብናይት 4 እጥፍ ተኩል ያህል ብቻ ይከብዳል።

ብዙ ሰው ኩል ሁሉ አንቲሞን እንደ ሆነ ይገምታል። የጥንቱ ማዕድን ማውጫ ግን ሌላ ይመሰክራል። በግብፅ ቀይ ባሕር ዳርቻ ገበል ዘይት በተባለው ስፍራ ከ3000 ዓመት በፊት ለኩል ይወጣ የነበረው ጋሌና ነው። በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፥ በፓሪስ ሉቭር ቤተ መዘክር የተቀመጡት የጥንት ግብፃውያን የኩል ዱቄቶች ሲመረመሩ፥ በብዛት የተገኙባቸው የእርሳስ ውሁዶች ናቸው።

ጉዳዩ ነጋዴውን የሚመለከተው ከዚህ ላይ ነው። እርሳስ መርዝ ነው፤ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ዕድገት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም። ዓይኑን የተኳለ ሕፃን ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ወደ አፉ ሲያስገባ እርሳሱ ወደ ሆዱ ይገባል። አንቲሞንም ቢሆን ፈጽሞ ከጉዳት ነፃ ነው ለማለት አይቻልም።

ድንጋዩ ተፈጭቶ በዱቄት ከቀረበ ቅርጹ ለዓይን ይሰወራል፤ ሌላ ነገር ተደባልቆበት ከሆነም ሚዛን ያታልላል። ይሁን እንጂ የውስጡ አሰላለፍ በመፈጨት አይጠፋም። ብራግ የተባሉት እንግሊዛውያን አባትና ልጅ በኤክስሬይ አማካይነት የክሪስታልን ውስጣዊ አሠራር የሚያሳውቅ ዘዴ በማግኘታቸው በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዛሬ የዱቄቱን ዓይነት ለመለየት ባለሙያዎች በዚሁ ዘዴ ይጠቀማሉ።

ስለዚህ ኩል አስመጪም ሆነ ባለሱቅ ሦስት ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። በድንጋይነቱ የቀረበለትን ሰብሮ ይመልከት፤ እንደ ሳጥን የሚከፋፈለውን አይግዛ። ቅርጹ ያልለየለትን ወይም የተፈጨውን፥ የላቦራቶሪ ማስረጃ ከሌለው አይቀበል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መዋቢያ ዕቃዎችን የመቆጣጠር ሥልጣን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መሆኑንም ይወቅ። ከአንድ ብልቃጥ ኩል የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ነው፤ ደንበኛው በልጁ ጤና ላይ የሚደርስበት ኪሳራ ግን በገንዘብ አይተመንም።